ጥቁር ለብሰን ወደ ኮምቦልቻ

የወልድያ ባጃጅ መርሳ አይመጣም። እዚያው ወልድያ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሆስፒታል ሲመላለስ ይውላል እንጂ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ መርሳ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? እኔ አስፋልቱ ዳር ሙዝና ብርቱካን እየሸጥኩ ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። የሚያልፈውን መኪና ቀና ብዬ ሳላይ በድምፁ ነው የምለየው። በዚያ የነሐሴ ጠዋት ግን የባጃጅ ድምፅ ከወልድያ አቅጣጫ፣ ከሲሪንቃ በኩል ሲመጣ ሰማሁና ቀና አልኩ። ሰባት ወይም ስምንት ናቸው፤ እንደ ሰርገኛ መኪና ተከታትለው ይመጣሉ። በላያቸው ፍራሽ ታስሯል፣ በጎናቸው ጀሪካን ተንጠልጥሏል።

አንዱ እኔ ፊት ቆመ። ሕፃን ያቀፈች ሴት አንገቷን አወጣችና ሙዝ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ለክርክር የሚሆን ጨምሬ ነገርኳት። የጠራሁትን ቆጥራ ከፈለች። ያኔ ነው የፈራሁት።

«እንዴ የኔ እመቤት፣ አትከራከሪም?» አልኳት።

«ልጄ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

«ወልድያ ምን ሆነ?»

ልጣጩን እየላጠች ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ገና ሙዝ ትሸጫለሽ?» አለችኝና ባጃጁ ተነሣ።

ባሌ የሠራዊት መካኒክ ነው። ማዕረጉ አስር አለቃ ቢሆንም ከጠብመንጃ ይልቅ ቁልፍ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። ያኔ ኮምቦልቻ አጠገብ ባለ ካምፕ ውስጥ ነበር። ስልኩን መኪና ጨፍልቆበት በአንድ ጓደኛው ስልክ ነበር የምንገናኘው። የዚያኑ ቀን ሊመሽ ሲል ደወለ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ስለ ልጃችን፣ ቀጥሎ ስለ እናቱ፣ በመጨረሻ ስለ እኔ ነበር የሚጠይቀኝ። ያን ቀን ምንም አልጠየቀም።

«ኑ» አለ። «ቤት ይዣለሁ። አንዲት ክፍል ናት፤ ግን ጣሪያዋ አያፈስም። እናቴንም ይዘሻት ነይ።»

«መቼ?»

«በቃ ኑ። ግን ሳታስወሪ። አንቺ ከተነሣሽ ሰፈሩ በሙሉ ይነሣል።»

እውነቱን ነበር። ጦርነቱ ከቀረበ ወዲህ ሰፈራችን ዜና የሚሰማው ከእኔ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ነበር። ብርድ ልብስ አጥቤ ካሰጣሁ «የወታደሩ ሚስት ልትሄድ ነው» ይባላል፤ ጎመን ተክዬ ከታየሁ ደግሞ «ቆይ፣ እሷ ጎመን የተከለች ምንም የለም ማለት ነው» ብለው ሰዎች ዕቃቸውን ይፈታሉ። ባሌ ነገር የሚነግረኝ መስሏቸው ነው። እሱ ደግሞ ከፍሬን ሸራ ሌላ ምንም አያውቅም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አማቴ ወጣሁ። ከመርሳ በላይ፣ ገጠር ነው የሚኖሩት። ደጃፋቸው ላይ ከላማቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እማ፣ ተነሡ እንሂድ። ልጅዎ ቤት ይዟል።»

«ላሜ ልትወልድ ደርሳለች።»

«እማ፣ ጦርነቱ ላም እስክትወልድ ይጠብቃል?»

«እሱማ አይጠብቅም። የምጠብቃት እኔ ነኝ» አሉ። ብለምን ብሠራ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ «ለልጄ ሂጂለት፤ እኔን የሚወስድ ቢመጣ በዚህ ዕድሜ ምን ሊጠቀም» ብለው ሳቁ። እኔ እያለቀስኩ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ሌላ ወሬ ጠበቀኝ። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ውርጌሳ ላይ የፍተሻ ገመድ ተስቧል፤ ዕቃ የጫነ መኪና እየተመለሰ ነው። ከተማው ባዶ እንዳይሆን፣ ሕዝብ እንዳይሸበር ነው አሉ። ሁለት የሰፈራችን ቤተሰቦች ከነፍራሻቸው ተመልሰው አፍረው በር ዘግተው ነበር። መብራትም ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ስለነበር የእኔ ስልክ ሞቷል። ለባሌ «መንገድ ተዘጋ» ብዬ እንኳ ልነግረው አልቻልኩም።

ጎረቤቴን እትዬ ነበር የምላት፤ ሙስሊም ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ የሴቶች ቅሬያችን ዳኛ ናት። እኛ ጋ ቅሬ የሚባለው ሰው ሲሞት የሚቀብረውም፣ የሚያስተዛዝነውም፣ ለዘመድ መርዶ የሚነግረውም ማኅበር ነው። እትዬ ከሁሉም ለቅሶ ቀድማ የምትገኝ ሴት ናት። ሰው ሳይሰማን ጓሮ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣

«አክስትሽ ደሴ ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው?» አለችኝ።

«በሰኔ ነው።»

«ለቅሶ ደርሰሻል?»

«በምን መንገድ፣ እትዬ? በዚህ ጊዜ!»

«እንግዲያው ለቅሶ አለብሻ! ለቅሶ ያለበት ሰው ይሄዳል፤ ማንም አይከለክለውም። ፍራሽ የተሸከመ ለቅስተኛ ደግሞ እኔ አይቼ አላውቅም። ባዶ እጅሽን ጥቁር ለብሰሽ ውጪ።»

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ግን ጥቁሩን ፈራሁት። ባሏ ጦር ሜዳ ያለ ሴት ጥቁር ቀሚስ ከሣጥን ታወጣለች? ነጠላ ትዘቀዝቃለች? የራሷን መርዶ በራሷ መጥራት አይሆንም?

«ሟርት ይሆንብኛል፣ እትዬ።»

«አላህ ልብሽን ነው የሚያየው፣ ልብስሽን አይደለም። ቀሚሱ የአክስትሽ ነው። ይህንኑ በአፍሽ ተናገሪና ልበሺው።»

ገብቼ ከማርያም ሥዕል ፊት ቆምኩ። «ይኼ ቀሚስ የአክስቴ ነው። የሌላ የማንም አይደለም» አልኩ፤ ሦስት ጊዜ። ልጄ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከኋላዬ ቆማ «እማዬ፣ ማርያም አንዴ ከነገርሻት ትሰማለች እኮ» አለችኝ።

ዕቃ መያዝ ስለማንችል ልብሳችንን በልብስ ላይ ለበስን። እሷ ሦስት ቀሚስ ደራረበችና ከላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል አደረገች። የባሌን ጓደኛ ስልክ ቁጥር ከደብተሯ ቀድዳ በጡት መያዣዬ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። በሚቀጥለው ቀን ማለዳ ጥቁር ለብሼ በሩን ስከፍት ግን ያላሰብኩት መጣ፤ የቅሬው ሴቶች ሰባት ሆነው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። «ለቅሶ ልትሄድ ነው» ሲባል ሰምተው አብረው ሊሄዱ ነው! በቅሬያችን ደንብ አንዲት ሴት ብቻዋን ለቅሶ አትሄድም። እኔ ደግሞ የማልመለስ ነኝ።

እትዬ ናት የደረሰችልኝ። «እናንተ፣ ቀብር ነው እንዴ? ከወር በላይ የሆነው ለቅሶ ነው። በዚህ ጊዜ ሁላችን ከሄድን ለእዚህ አገር ሬሳ ማን ይወጣል? እሷ ቅሬውን ወክላ ታልቅስ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ፣ ከሁሉም ጮሌዋ፣ የእኔን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ውፍረቷን ነው። የገባት መሰለኝ። ግን አላስወራችም። አቀፈችኝና «እንግዲያው የኔንም አልቅሺልኝ፤ ጥሩ አድርገሽ አልቅሺ» አለችኝ። ሌሎቹም «የኔንም፣ የኔንም» አሉ። እንዲህ ሆኖ የሰባት ሴት ለቅሶ ተሸክሜ ከቤቴ ወጣሁ። ቁልፉን ለእትዬ ሰጠሁ። ስታቅፈኝ «ዱአ አደርግልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ ትደርሻለሽ» አለችኝ።

የደሴው ሚኒባስ ሹፌር የመርሳ ልጅ ነው፤ ተጫዋች ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኛን ሲያይ ጨዋታውን አቆመ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነሥቶ ሰጠን፣ የከፈተውን ትዝታም ዘጋው።

«ምነው፣ ክፈተው እንጂ!» አለ ጎረምሳው ከኋላ።

«ሐዘንተኛ ይዘን ዘፈን የለም።»

«እኔም እኮ ሐዘን አለብኝ፤ ወንበሬን ተቀማሁ!»

መኪናው ሳቀ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ ጭኜ ሳቅሁ፤ ሳቄ ለቅሶ መስሏቸው ከኋላዬ ያሉ አንዲት ባልቴት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ውርጌሳ ገመዱ ጋ ስንደርስ ሳቄ ደረቀ። ከፊታችን አንድ አይሱዙ ከነቁምሳጥኑ እየተመለሰ ነበር። አንድ ሚሊሻ መስኮታችን ላይ ጎንበስ አለ።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ነው፣ ወንድሜ። አክስቴ ሞታብኝ ደሴ።»

«በዚህ ጊዜ?»

«እሷ በሰላሙ ጊዜ ልሙት አላለችማ!» ያሉት እኔ ሳልሆን ከኋላ ያሉት ባልቴት ናቸው።

ሚሊሻው ዓይኑን ልጄ ላይ ጣለ። ፊቷ ቀጭን፣ ከአንገቷ በታች ግን እንደ ጆንያ ነው የሞላችው። በዚያ ላይ በሙቀቱ ላብ ይንቆረቆራታል። «ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው እንዲህ የወፈረችው?» አለ።

ልጄ ቀና ብላ፣ «እናቴ ሙዝ ነው የምትሸጠው፤ ያልተሸጠውን እኔ ነኝ የምበላ» አለችው።

ያ ሰው በልቡ ሁሉን እንዳወቀ ዛሬም አምናለሁ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ገመዱን አወረደ። መኪናው ሲያልፍ እንባዬ መጣ። ስለ አክስቴ በእውነት አልቅሼ አላውቅም ነበር። አሁን መንገድ ላይ ለእሷ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ለአማቴ፣ ቀጥሎ ለቤቴ፣ ቀጥሎ ቆጥሬ ለሰባቱ ሴቶች። ባልቴቷም የራሳቸውን ሰው አስታውሰው አብረውኝ አለቀሱ። ሐይቅ ስንደርስ ሁለታችንም ቀሎን ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራ ነበር።

ደሴ መናኸሪያ የገባነው ቀትር ላይ ነው። መጀመሪያ የፈለግኩት የባሌን ድምፅ መስማት ነበር። ሹፌሩን ስልክ እንዲያውሰኝ ለመንኩት፤ «ምን ችግር አለ፣ ደውዬ አገኝልሻለሁ» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። እሱ ሲደውል እኔ ልጄን ውኃ ላጠጣ ወደ አንዲት ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ እያወራ ነበር። ጥቁሩን ቀሚሴን እያየ «እሺ፣ እሺ ወንድሜ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የባሌ ጓደኛ ነው። እኔን ሲያወራ ሁልጊዜ «የሙዟ እመቤት» እያለ የሚያሾፍብኝ ሰው ነው። ያን ቀን ድምፁ ሌላ ነበር።

«እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ። ልጅቱስ? እህል ቀመሳችሁ?»

«ደህና ነን። እሱን አቅርብልኝ።»

«እሱ… ለሥራ ወጣ ብሏል» አለ።

«መቼ ይመለሳል?»

«አይ፣ ይመለሳል… ብቻ ዛሬ አትምጡ። ደሴ ዘመድ ጋ እደሩ። ነገ በማለዳ ሰዎች ሆነን እንገናኛለን። በርቺ እህቴ። ጠንከር በይ።»

ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ከቅሬያችን ጋር መርዶ ልነግር የስንቱን ቤት አንኳኩቻለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይም አይነገርም። በማለዳ ነው፣ ሰዎች ሆኖ ነው፣ ባለቤቱ በልቶ ጠጥቶ ካደረ በኋላ ነው። እስከዚያ «ወጣ ብሏል፣ ትንሽ አሞታል፣ ይመለሳል» ይባላል። እህል መቅመሱ ይጠየቃል። እኔ ራሴ በዚሁ ድምፅ ስንቷን ሴት «በርቺ» ብያት አውቃለሁ። አሁን ለእኔ ተባለ። ባሌ ሞቷል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ቀሚሱም ከሬሳ ሣጥን የወጣ ያህል ሰውነቴ ላይ ከበደኝ።

ልጄ «አባዬ ምን አለ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነው።»

ምግብ ቤት ወሰድኳትና ሽሮ አዘዝኩላት፤ ስትጨርስ ሌላ አዘዝኩ። «እማዬ፣ ለስንት ሰው ነው?» እያለች ሳቀች። እኔ ደግሞ «ብዪ፣ ብዪ» እላለሁ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እነሱ ለእኔ እንዳደረጉት እኔም ለልጄ እያደረግኩ ነው። እያበላሁ እየደበቅኩ። ተነሣሁ። እስከ ነገ ማለዳ ማን ይጠብቃል? መርዶዬን ራሴ ሄጄ እሰማለሁ አልኩ። የኮምቦልቻ መኪና ውስጥ ገባን፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ልጄ ጠግባ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ለእሷ በምን ቃል እንደምነግራት ነበር የማስበው፤ አንዱም ቃል አልመጣልኝም።

ካምፑ በር ላይ ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበረች። ዘበኛው የባሌን ሥራና ማዕረግ ስነግረው ጥቁሩን አየ፤ ቆቡን አወለቀ። «ቆይ እናቴ፣ እዚች ድንጋይ ላይ አረፍ በይ» ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ኮፍያ የሚወልቀው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። አልተቀመጥኩም።

ጓደኛው ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው። ትከሻዬን ሳመኝ።

«ምነው እህቴ፣ ነገ አልኩሽ እኮ።»

«አልቻልኩም። ንገሩኝ። የት ነው የቀበራችሁት?»

ሦስቱም ተያዩ።

«ማንን?»

«ባሌን ነዋ!»

«ባልሽን? ባልሽማ እዚያ ማዶ ጎማ እየፈታ ነው! እኛ እኮ በምን አፍ እንነግረዋለን ብለን ከቀትር ጀምረን ስንሸሸው ነው የዋልን!»

«ምኑን ነው የምትነግሩት?»

«የእናቱን ነዋ!»

«እናቱ ምን ሆኑ?»

ልጄ ናት የቀደመችው። «አያቴ እኮ ደህና ናት። ላሟ ናት የምትወልደው» አለች።

«ሹፌሩ ‹ሐዘንተኛ ናት፣ ከነልጇ ጥቁር ለብሳለች› ሲለኝ፣ እናቱን ይዘሻቸው ትመጫለሽ ሲባል ስለነበር እሳቸው የሞቱ መሰለኝ» አለ ጓደኛው። አንዱ ጎልማሳ ወታደር ራሱን እያከከ «ታዲያ ይኼ ጥቁር የማን ነው?» አለኝ።

«የአክስቴ!»

«መቼ ሞቱ?»

«በሰኔ!»

«እንግዲህ… እግዜር ያጥናሽ» አለና እሱ ራሱ ቀድሞ ፈነዳ። ሁላችንም ሳቅን። ለነገ ማለዳ ሸራ ተውሰው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል አዋጥተው፣ ማን ከግራ ማን ከቀኝ ደግፎ እንደሚይዘው ሁሉ ተመዳድበው ነበር ለካ። እኔ እየሳቅሁ ያንን ድንጋይ ተቀመጥኩበት።

የሳቁን ድምፅ ሰምቶ ነው መሰለኝ ባሌ ከማዶ ብቅ አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመጣል። እስከ ክርኑ ግራሶ ነው፤ ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል። አየኝ፣ ፊቱ በራ። ከዚያ ልብሳችንን አየና መሀል ግቢ ላይ ቀጥ አለ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ከድንጋዩ ሳልነሣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ማንም አልሞተም!»

ካምፑ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«እናቴስ?» አለ ከቆመበት።

«ላሟን ትታ አልመጣም አለች! ደህና ናት!»

አማቴን አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ግን አንቱታም ጠፋኝ። እሱ መጀመሪያ ልጁ ጋ ደረሰ። ሊያነሣት ሞክሮ አቃተው። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለ፤ «ሦስት ቀሚስ ናት» አልኩት። ከዚያ እኔ ፊት ቆመ። እጁ ቆሻሻ ስለሆነ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ወደ ጎን ዘርግቶ ያዘው። እኔ ነኝ ያቀፍኩት። የናፍጣ ሽታው ራሱ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ የሚተነፍስ።

«በእውነት መጣችሁ?» አለኝ፤ አሁንም ያላመነ መስሎ።

«መጥተናል» አልኩት። «እኔም ልጅህም ምንም ሳንሆን ደርሰናል። ደህና ነን።»